የአደጋ ዝግጁነት ክበብ የ2018 ዓ.ም. ዘገባ፦ ውጡ ወይስ ግቡ?

ክበባችን የመንቀጥቀጥ ልጅ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ እስከ ዶፈን እሳተ ገሞራዎች ያለው ምድር ሲናወጥ ሲከርም፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ውስጥ ግቢው ላይ ሸራ ወጥሮ ያላደረ ቤተሰብ ብዙ አልነበረም። ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ ዶፈን አጠገብ እንፋሎትና ጭቃ ከመሬት ሲወጣማ «እሳተ ገሞራው ፈነዳ» የሚለው ወሬ ከተማውን ለማዳረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ቅልጥ ዐለቱ ከሥር ምድሩን እየሰነጠቀ ሄደ እንጂ አልፈነዳም፤ ግን ይህን በዚያ ሌሊት ማን ለማን ያስረዳል?

መስከረም ላይ መዝገብ ስንከፍት 31 ተማሪዎች ተመዘገቡ። እኔም የጂኦግራፊ መምህር ነኝና ሰሌዳው ላይ ተራራ ለሁለት ሰንጥቄ ሣልኩ፤ የማግማ ዓይነቶችን ዘረዘርኩ። በአራተኛው ሳምንት የሚመጡት 14 ብቻ ሆኑ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ፈተና ላይ የሚጻፍ እንጂ ማታ ቤት ገብተው ለእናታቸው የሚነግሩት ነገር አልሰጠኋቸውም።

ኅዳር 14 ቀን እሑድ በክልላችን ሰሜን ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። ከዚያ በፊት ስለ መፈንዳቱ የተጻፈ ታሪክ ያልነበረው ተራራ ነው። አመዱ በአፍዴራ መንደሮችና ግጦሽ ላይ ወረደ፤ ደመናው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል ሕንድ ድረስ ደረሰና በረራ አሰረዘ። ሰኞ ዕለት ክፍላችን ሞልቶ መስኮት ላይ የተቀመጡም ነበሩ። ስለ አውሮፕላኖቹ የሚጠይቀኝ ስጠብቅ፣ ከአርብቶ አደር ቤተሰብ የመጣች የ9ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ «ፍየሎቹስ ምን ሊበሉ ነው?» አለች። አመድ የለበሰ ሣር የከብት ጥርስ ይሞርዳል፤ ፍሎሪን የበዛበት ከሆነም ይመርዛል። መኖና ውኃ ከድኖ ማስቀመጥ የሚለው የመጀመሪያው ትምህርታችን ከዚያች ጥያቄ ወጣ።

አመድ ሲባል ሁሉም የሚያስበው የምድጃውን ነው። የተራራው አመድ ግን የደቀቀ ዐለትና ብርጭቆ ነው። ይህን ለማሳየት ከብሎኬት ማምረቻ ሁለት ማዳበሪያ ፑሚስ፣ ማለትም ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ለመንን፤ ልጆቹ በሙቀጫ ወቅጠው በወንፊት ነፉት። ዝገት የበላው ቆርቆሮ በሁለት ድንጋዮች ላይ አጋድመን ዱቄቱን ከመርንበት፤ ቻለው። ከዚያ አንድ ልጅ ቀስ እያደረገ በጆግ ውኃ ያፈስበት ጀመር። ዱቄቱ ጠቆረ፤ ቆርቆሮው መሐሉ ላይ ጎበጠ፤ በስድስተኛው ጆግ ታጥፎ መሬት ነካ። ፊሊፒንስ ውስጥ በ1991 እ.ኤ.አ. ፒናቱቦ ሲፈነዳ አመዱና የአውሎ ነፋሱ ዝናብ በአንድ ቀን ተገናኙ፤ ከሞቱት መካከል ብዙዎቹን የገደላቸው የተደረመሰ ጣሪያ ነው። ይህን ስነግራቸው ማንም ማስታወሻ አልጻፈም፤ ሁሉም የሚያየው ቆርቆሮውን ነበር።

የጥር ልምምዳችን ግን አዋረደን። ለመንቀጥቀጥ ወደ ሜዳ ውጡ ብለናል፤ ለአመድ ደግሞ ቤት ግቡ፣ መስኮት ዝጉ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ደወላችን የተንጠለጠለ የሐዲድ ቁራጭ ነው፤ የጥበቃ ሠራተኛችን ጋሼ በለመዱት መንገድ መቱት። ግማሹ ተማሪ ወደ ሜዳ ሲሮጥ ግማሹ ወደ ክፍል ሲገፋ በር ላይ ተላተመ። ርእሰ መምህሩ ከቢሮ ብቅ ብለው አይተው ምንም ሳይናገሩ ተመለሱ። ከዚያ የከፋ ግምገማ ገጥሞኝ አያውቅም። በዚያ ላይ አንድ ልጅ «ባለፈው ዓመት ቤታችን ተሰነጠቀ፤ አመድ ቢወርድ የት እንግባ?» ሲል ጠየቀኝ፤ የምመልስለት አጣሁ። እስከ ሚያዝያ ድረስ አባላቱ በየሰፈራቸው እየዞሩ ቤቱ የተሰነጠቀበትን ቤቱ ደህና ከሆነው ጎረቤቱ ጋር አነጋገሩ። 22 ቤተሰቦች ተስማምተዋል። የተኳረፉ ጎረቤቶችም አጋጥመውናል፤ እነሱን ለሽማግሌ ትተናል።

ስለ ወሬ የሚያስተምረን ከሩቅ መጥራት አላስፈለገንም። አንድ የአፋር አዛውንት ጋብዘን የአፋሮችን የወሬ መለዋወጫ ወግ፣ ዳጉን፣ አስረዱን። መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎች ይጠያየቃሉ፦ ምን አየህ? የትና መቼ? በዓይንህ ነው ወይስ ሰምተህ? ከማን? ልጆቹ በ2017 በስልክ የተቀባበሏቸውን መልእክቶች አምጥተው በእነዚህ ጥያቄዎች ፈተሿቸው፤ «በዓይንህ ነው?» የሚለውን ያለፉት ሁለት ብቻ ናቸው። እኔም የኮሎምቢያዋን የአርሜሮ ከተማ ታሪክ ነገርኳቸው። በ1985 እ.ኤ.አ. የአደጋ ካርታው ከአንድ ወር በፊት ተሠርቶ ነበር፤ በዚያች ምሽት ግን ሰዉ ተረጋግቶ ቤቱ እንዲቀመጥ ተነገረው፤ ኔቫዶ ዴል ሩይዝ የተባለው እሳተ ገሞራ ያቀለጠው በረዶ ያስነሣው ጭቃ ሌሊት ደርሶ ከ20,000 በላይ ሰው ፈጀ። አዛውንቱ በአስተርጓሚ ሲሰሙ ቆይተው «ካርታውን ያየው ሰው ማንን አገኘ?» ብለው ጠየቁ።

በግንቦቱ ልምምድ ደወሉ ሁለት ዓይነት ሆነ፤ ሳያቋርጥ ከተመታ ውጡ፣ አንድ አንድ እያለ ከተመታ ግቡ። ጋሼ ከሐዲዱ ጎን ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጽፈውታል። በአራት ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ክፍል ገባ፤ በር ላይም ማንም አልተላተመ።

የቀረን የሌሊቱ ነው። የሐዲዱ ድምፅ ከባቡር ጣቢያው ማዶ አይሰማም። ለመስጊዱና ለቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያቸውን እንዲፈቅዱልን ደብዳቤ ጽፈናል፤ የአንዱ መልስ መጥቷል።