የሆስፒታል ሠራተኛ የት ሄዶ ይመዝገብ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ደሴ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የምሠራ ነርስ ነኝ። በቅርቡ ከአዳር ተረኞች ጋር ማኅበር እንመሥርት ብለን ፊርማ ማሰባሰብ ጀመርን። አንዲት የፅዳት ሠራተኛ ጓንቷን አውልቃ፣ እጇን በጋውኗ ጠርጋ ፈረመች። እስክሪብቶውን ስትመልስልኝ «የትርፍ ሰዓቴን ነገር ታነሱልኛላችሁ አይደል?» አለችኝ። እሺ አልኳት። ወረቀቱን ይዘን ስንሄድ ግን «እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች ናችሁ፣ የሠራተኛ ማኅበር አይመለከታችሁም» ተብለን ተመለስን።

ሕጉን አገላብጬ አየሁት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል ይላል፤ መዝጋቢው አካል በ15 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፣ አልመዘግብም ካለም ፍርድ ቤት አለ። የግል ሆስፒታል ውስጥ ያለች ነርስ ይህ መብት አላት። ያው መርፌ፣ ያው አዳር፣ ያው በሽተኛ ነው እኮ! እኛ ግን በሲቪል ሰርቪስ ሕግ ስለምንተዳደር አዋጁ አያቅፈንም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ደግሞ የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞችም መደራጀት ይችላሉ ይላል። የፅዳት ሠራተኛዋ የትኛው ኃላፊነት ኖሯት ነው የምትከለከለው?

እባካችሁ የሕግ ባለሙያ አነጋግሩልን። እስከዚያው ፊርማው በፌስታል ተጠቅልሎ ሎከሬ ውስጥ ነው፤ እሷም ባየችኝ ቁጥር «ምን ደረሰ?» ትለኛለች።

ነርሷ፣ ከደሴ