መሬቱን ማን ሰጣቸው ላሉኝ

ይድረስ ለውድ አባቴ፦

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እማማስ? ከብቱስ? እኔ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ። ባለፈው በስልክ «እነዚያ ፈረንጆች ያን ሁሉ እርሻ ማን ሰጣቸው?» ብለው ሲጠይቁኝ መሥመሩ ተቋረጠ። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ጻፍኩልዎ። እኅቴ፣ አንቺ አንባቢዋ፣ ቀስ እያልሽ አንብቢላቸው።

ያለሁበት ከተማ ዲኮራ ይባላል፤ አሜሪካ፣ አዮዋ በሚባለው ግዛት ውስጥ ነው። በመጦሪያው ቤት የምንከባከባቸው አዛውንቶች አብዛኞቹ ዘራቸው ከኖርዌይ ነው። ኖርዌይ ተራራና ድንጋይ ናት፤ የሚታረሰው ከመቶ ሦስት እጅ ያህሉ ብቻ ነው። ደግሞም እንደኛ ርስቱ ለልጆች ሁሉ አይከፋፈልም፤ እርሻው ለበኩሩ ነው። ታናናሾቹ ብዙ ጊዜ በሰው መሬት ጥግ ጎጆ ቀልሰው፣ ኪራዩን በጉልበት የሚከፍሉ ጭሰኞች ይሆኑ ነበር። ጭሰኛ ምን እንደሆነ ለእርስዎ አላስረዳም።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1825 ዓ.ም. ኀምሳ ሁለት ሰዎች በአንዲት ትንሽ መርከብ ከኖርዌይ ወደብ ከስታቫንገር ተነሡ። ኒው ዮርክ ሲደርሱ ኀምሳ ሦስት ሆነዋል፤ ባሕር ላይ ልጅ ተወልዶ። ከዚያ በኋላ የሄደው ለቀረው ይጽፋል፣ ደብዳቤው ከቤት ቤት እየዞረ ይነበባል፣ የሰማው ደግሞ ጓዙን ይሸክፋል።

መሬቱን እንግዲህ የአሜሪካ መንግሥት ነው የሸጠላቸው፤ ኤከሩን በ1 ዶላር ከ25 ሳንቲም። 160 ኤከር፣ ማለት ከአንድ ጋሻ ተኩል የሚበልጥ መሬት፣ በ200 ዶላር! ግን መንግሥትስ ከማን አገኘው? ሆ-ቸንክ የሚባሉ ሕዝቦች ይኖሩበት ነበር። በ1848 ተነሡ ተብለው ወደ ሚኒሶታ ተወሰዱ። በዓመቱ፣ በ1849፣ ሌሎች ነጮች መጥተው ከተማዋን ቆረቆሩ፤ ስሟንም በሆ-ቸንኩ አለቃ በዋኮን ዲኮራ ሰየሙ። ሕዝቡን አስወጥቶ የአለቃውን ስም ማስቀረት፣ ይታይዎ። ኖርዌጂያኖቹ የደረሱት በ1850 ነው። እዚህ ስለ አያቶቻቸው ድካም ብዙ አወጉኝ፤ ስለዚህኛው ግን እኔ ካልጠየቅሁ ያነሣልኝ የለም።

ድካሙም ግን እውነት ነው። ሜዳው ታርሶ የማያውቅ፣ ሥሩ እንደ ጠፍር የተቋጠረ ሣር ነበር። ለመጀመሪያው እርሻ አንድ ጥማድ በሬ አይሞክረውም፤ ሦስትና አራት ጥማድ በትልቅ ማረሻ ይጠመዳል። ያን ያህል በሬ ያለው ጥቂት ስለሆነ ወይ ይቀናጃሉ፣ ወይ ከፍለው ያሳርሳሉ። በ1853 መጨረሻ ኮረን የሚባል ወጣት ቄስ ከነሚስቱ ከኖርዌይ መጣ። ማደሪያ አልነበራቸውም። አንድ ገበሬ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር በሚኖርባት፣ አራት ሜትር በአምስት ገደማ በሆነች የግንድ ቤት ተቀበላቸው። በመጋረጃ ከፍለው ያን ክረምት ከረሙ። ክረምት ስል በረዶውን ነው እንጂ የእኛን ዝናብ አይደለም።

መጀመሪያ ስንዴ ብቻ ዘሩ። ኋላ ምርቱ ቀነሰ፣ አገዳውን የሚመጥ ተባይም ገባ፤ ወደ ወተት ላም ዞሩ። ዛሬ በየኮረብታው የሚታየው የላም በረት ከዚያ የመጣ ነው።

ቋንቋቸውን አጥብቀው ያዙ። በ1861 ሉተር ኮሌጅን አቋቋሙ፣ በዓመቱ ወደ ዲኮራ አመጡት። ከ1874 እስከ 1972 የራሳቸው ጋዜጣ ነበራቸው። በ1918 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን የአዮዋው ገዥ በአደባባይ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በስልክም ጭምር ከእንግሊዝኛ ሌላ እንዳይነገር ከለከለ። ያኔ ብሆን እርስዎን በአማርኛ ደኅና አደሩ ማለት ያስጠይቀኝ ነበር።

አሁን ወደ ጉዳያችን። መሬቱን ለሦስታችን ሊያካፍሉን እንዳሰቡ ሰምቻለሁ። በኖርዌጂያኖቹ ወግ ቢሆን ታላቅ እኔ ነኝና ሁሉም የእኔ ነበር! ቀልዴን ነው። የእኔ ድርሻ እዚያው ለሚያርሰው ለትንሹ ይሁን። ለሦስት ከተቆረሰ ለማንም የዓመት ቀለብ አይሆንም፤ እሱም መሬት አነሰኝ ብሎ በሱዳን በኩል ልሂድ ማለቱን ይተዋል። ሽማግሌ ፊት ይነገርልኝ፤ ወረቀት ካስፈለገም ውክልና እልካለሁ።

ለማዳበሪያ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ በእኅቴ ስም ልኬያለሁ። የቀዩ በሬ እግር ተሻለው ወይ? ይጻፉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ