ለአርባ ምንጭ፣ ዶርዜና ኮንሶ ሦስት ቀን አይበቃም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

«አርባ ምንጭ፣ ዶርዜና ኮንሶ በሦስት ቀን» የሚሉ የቡድን ጉዞ ማስታወቂያዎች በዝተዋል። ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ በኩል አርባ ምንጭ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ንጋት 12 ሰዓት የተነሳ አውቶቡስ ምሳና ሻይ ተጨምሮበት ሲመሽ ይገባል፤ ሲመለስም እንዲሁ። ሁለቱ ቀን መንገድ ላይ አለቀ ማለት ነው።

ቀኑን መቁረጥ ያለበት ገበያው ነው። የጨንቻ ገበያ ማክሰኞና ቅዳሜ ይቆማል። የዶርዜና የኮንሶዋ ከተማ የካራት ገበያዎች ግን ሁለቱም ሰኞና ሐሙስ ስለሆኑ በአንድ ቀን አይደረስባቸውም። ዓርብ ተነስቶ፣ ቅዳሜ ጨንቻና ዶርዜ፣ እሁድ የጫሞ ሐይቅ፣ ሰኞ ኮንሶ ውሎ ማክሰኞ መመለስ ያዋጣል። የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ፎር ዊል መኪናና ሙሉ ቀን ይፈልጋል፤ ከጊዜው ጋር ካልሄደ ቢቀር ይሻላል።

ጫሞን ከሰዓት በኋላ ማስያዝ የተለመደ ስህተት ነው። ነፋሱ ሲነሳ ሐይቁ ይናወጣል፣ ጀልባው ደግሞ ትንሽ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ውኃው ተኝቶ፣ አዞዎቹ ፀሐይ ሊሞቁ ዳር ወጥተው ይገኛሉ፤ «የአዞ ገበያ» የሚባለው ይኸው ነው። ላይፍ ጃኬት ሁሉም ይልበስ። አንዱ «ያውና ጉማሬ!» ባለ ቁጥር ተሳፋሪው ስልኩን ይዞ ወደ አንድ ጎን ስለሚነሳ ጀልባው ያዘነብላል፤ ተቀምጦ ማየት እንደሚገባ ጀልባው ጉዞ ከመጀመሩ በፊት መናገር ያስፈልጋል።

ወደ ዶርዜ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ታች በላብ የነበረ ሰው ላይ ሲደርስ በጭጋግ ይንቀጠቀጣል፤ ጋቢው ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጅ ላይ ይሁን። መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ በሚኒባስ መውጣት ይሻላል፤ ቡድኑም በ12 በ12 ይከፈል። 50 ሰው አንድ ጎጆ ውስጥ ሲገባ የሚያየው የፊተኛውን ማጅራት ብቻ ነው!

ጎጆውን ግን ቀስ ብሎ ማየት ነው። የተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ቅርጫት እየተጠለፈ ሲሠራ ቁመቱ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላው ይቆረጣል፣ ቤቱም እያጠረ ይሄዳል። ስለዚህ አዲሱንና አሮጌውን ጎን ለጎን አይቶ ዕድሜያቸውን መገመት ይቻላል። ቦታ መቀየር ሲያስፈልግም ሰው ተሰብስቦ እንዳለ ተሸክሞት ይሄዳል።

ቆጮም ጊዜ ይፈልጋል። የእንሰቱ ግንድ ተፍቆ፣ በኮባ ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ይቦካል። የወጣው ሊጥ ክሩ እስኪደቅ በቢላ ይከተፋል፤ በቅጡ ካልተከተፈ ጥርስ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ በኮባ ተሸፍኖ ምጣድ ላይ ይጋገራል። በማርና በዳጣ የሚጥመው ትኩሱ ነው፤ ለ50 ሰው በአንዴ ትኩስ ማድረስ ግን አይቻልም። አስተናጋጆቹ የሰዉን ቁጥር ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ይወቁት።

አንድ የሚያናድድ ነገር አለ፤ ከአውቶቡስ የሚወርደው ስፒከር። የዶርዜ ዘፈን ብዙ ድምፅ አለው፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው በሌላ ዜማ ይገባበታል፣ ሌሎቹ ከሥር ይይዙታል። ስፒከር ከተከፈተ ይህ ሁሉ ጩኸት ይሆናል። ቀረብ ብሎ መቆም፣ ማጨብጨቡንም ለእነሱ መተው ነው።

ኮንሶ በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው በእርከኖቹና በድንጋይ በታጠሩት መንደሮቹ ነው። ካራት ላይ የአካባቢውን አስጎብኚ ይዞ መግባት የግድ ነው፤ የፎቶ ክፍያም በእሱ በኩል ለመንደሩ አንድ ላይ ይሰጥ፤ ለየሕፃኑ ብር ማደል ልጆቹን ከትምህርት ቤት ያስቀራል። ዋካ ለሞተ ጀግና የሚቆም የእንጨት ሐውልት ስለሆነ ተደግፎ ፎቶ መነሳት ነውር ነው። እርከኑ ላይም በመንገዱ ብቻ ይሄዱ፤ ድንጋዩ ያለ ጭቃ የተካበ ነው፣ አንዱ ከተፈናቀለ በሚቀጥለው ዝናብ አፈሩ አብሮት ይወርዳል።

እንግዳ ተቀባዮች፣ ከአርባ ምንጭ