ከፎቶ ኮፒ ቤቱ መስኮት፦ ለአዲስ አበባ ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ወደ ከተማዋ አዲስ ለሚገቡ ሰዎች አንዲት ወረቀት ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ፒያሳ ውስጥ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት፣ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ማሽኑ አንድ፣ ወንበሩ ሁለት ነው። መታወቂያ ሊያወጣ የመጣ ሰው እኔ ጋ ሳይቆም አያልፍም። መሸኛውን፣ ፋይዳውን፣ የቤት ኪራይ ውሉን ኮፒ አደርግለታለሁ። ጉርድ ፎቶውንም በመቀስ አስተካክላለሁ።

ማሽኑ እስኪሞቅ ወሬ ይጀመራል። ወሬው ደግሞ ሁሌም ወደ ጥያቄ ነው የሚሄደው። አንዷ «እዚህ አካባቢ ሙሉ ወንጌል የት አለ?» ትላለች። ሌላው ሰዓቱን እያየ «ጁምዓ የሚሰገደው በየት በኩል ነው?» ይላል። አምና ሁዳዴ በገባ ማግስት አንድ ከወላይታ የመጣ ግንበኛ እየሮጠ መጣ። ጥብስ የሚበላባት ቤት በአንድ ሌሊት ሽሮና በየዓይነቱ ብቻ ሆናበት፣ ቤቷ የተሸጠች መስሎታል። ሳቅኩኝ። እሱም ሳቀ። ግን 55 ቀን መሆኑን ስነግረው ሳቁን ተወው።

እኔም የተበላሸ ኮፒ እገለብጥና በጀርባው ላይ ካርታ እስልላቸዋለሁ። ሲበዛብኝ አንዱን አሳምሬ ሳልኩና ማባዛት ጀመርኩ። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ እሱ ካርታ ነው።

አንድ እሑድ ያጋጠመውን ላጫውታችሁ። ከአዲግራት የመጣች የካቶሊክ ልጅ ናት። ከተማ ከገባች ሳምንቷ ነው። «ልደታ ማርያም ካቴድራል» ብላ መንገደኛ ጠየቀች። ሰዎቹ ቅኖች ናቸው፤ ልደታ የሚለውን ሰምተው ታክሲ አስያዟት። ልደታ ስትደርስ ያገኘችው የኦርቶዶክሱን ልደታ ነው። እሷ የምትፈልገው ካቴድራል ግን ካደረችበት ከፒያሳ በእግር የሚደረስ ነበር። ተመልሳ ስትመጣ ቅዳሴው አልቋል። ሰኞ ለኮፒ መጥታ ስትነግረኝ እንኳ ዓይኗ ቀልቷል።

ጊዮርጊስም እንደዚሁ ነው። ፒያሳ ላይ «ጊዮርጊስ ጋ እንገናኝ» ከተባለ ስምንት ማዕዘኑ፣ ከዓድዋ ጋር ስሙ የሚነሳው ካቴድራል ማለት ነው። ይህን የአራዳ ልጅ ያውቃል። ነገር ግን የአርመኖቹ ቤተ ክርስቲያንም እዚሁ ሰፈር ነው፤ ስሙም ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ በ1916 ኢየሩሳሌም ሄደው 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች አገኙና ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የምንላቸው ናቸው። የሙዚቃ ባንዳቸው መሪ ኬቮርክ ናልባንድያን የደረሰው ዜማ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ሆነ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የነገሡትም በዚያው በትልቁ ጊዮርጊስ ነው። ስደተኛ ሆኖ የመጣ ሰው ለአገር መዝሙር የሰጠበት ሰፈር ውስጥ ነን። እንግዳ መቀበልን ከዜሮ ተማሩ እያልኳችሁ አይደለም።

ድሮ መንገድ ጠቋሚው ሰፈሩ ነበር። ኑር መስጊድ ያልከው ሰው ባይገባው እንኳ «ቤኒን መስጊድ» ስትለው እጅህን ይዞ ያደርስሃል። ጉልት ላይ የተቀመጡት እናት የማንኛው እድር ዳኛ ማን እንደሆነ ሳይቀር ያውቃሉ። ሊስትሮው ቁርባን የትኛው በር ላይ እንደሚወጣ ይነግርሃል። ከ2016 ወዲህ ከእነዚያ ጠቋሚዎች ብዙዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል። ስለ ኮሪደር ልማቱ ሌላ ቀን እናወራለን፤ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱም ያምራል። የሚጠየቀው ሰው ግን ሳስቷል። በአፍ ይተላለፍ የነበረው አሁን በወረቀት መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

በዓሉ ሲመጣ ደግሞ ባሰ። መስከረም 16 ከሰዓት፣ ለደመራ መንገድ ተዘግቶ ሳለ፣ አንድ ልጅ ከለገሃር እስከ ፒያሳ ሻንጣ ተሸክሞ በእግሩ መጣ። ሳምንት ገደማ ቆይቶ ኢሬቻ ነው፤ ከ2012 ጀምሮ እዚሁ ከተማችን ውስጥም ይከበራል። ያው ልጅ ያው ሻንጣ። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ ይወርዳሉ። ዒድ ጠዋት ስታዲየም ዙሪያው ሁሉ መስገጃ ነው። እኛ ይህንን በደም ሥራችን እናውቀዋለን። አዲሱ ሰው ግን በየትኛው በኩል እንደሚታለፍ ይቅርና ምን እየተከበረ እንደሆነም ላያውቅ ይችላል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ሙስሊሞች ለእኩልነት ሰልፍ ሲወጡ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው እንደወጡ፣ ዒድም የሥራ መዝጊያ የሆነው ከዚያ በኋላ እንደሆነ የሚነግረውማ ከየት ይመጣል?

ከሁሉም የከበደኝን ልንገራችሁ። አንድ ጠዋት አንድ አባት የሞት ማስረጃ ኮፒ ሊያደርግ ገባ። ልጁ ናት፣ የስምንት ወር። ከተማ ከገቡ ገና ሁለት ወራቸው ነው። እድር የላቸውም። ዘመድ የላቸውም። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ዝቅ ባለ ድምፅ «ሙስሊም ነን። የት ነው የሚቀበረው?» አለኝ። ኮልፌ አልኩት። ኮልፌ የት እንደሆነ አያውቅም። ሱቄን ዘጋሁና አብሬው ሄድኩ። የተከራየበት ቤት ባለቤቶች፣ ክርስቲያኖች ናቸው፣ ድንኳን ለምነው አስተከሉ። ያ ሰው ጥያቄውን ስንት ቦታ ጠይቆ እኔ ጋ እንደደረሰ እስከዛሬ አልጠየቅኩትም።

እናም የምጠይቀው ይህችን ነው። ሰው መታወቂያ ሲያወጣ በእጁ የምትሰጥ አንዲት ወረቀት አዘጋጁ። የእምነት ቤቶቹ የት እንዳሉ፣ ሰው በሚጠራቸው ስም ጭምር ይጻፍባት። የበዓላቱ ቀንና የሚዘጉት መንገዶች ይኑሩባት። ሰው ሲሞት ወዴት እንደሚኬድ፣ እድር እንዴት እንደሚገባ። በአማርኛ ብቻ ግን እንዳትሆን፤ ጥያቄው እኔ ጋ በኦሮምኛም፣ በትግርኛም፣ በዓረብኛም ይመጣል። ይዘቷን ደግሞ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ አትጻፉት። የቤተ ክርስቲያን ዘበኛውን፣ የመስጊዱን ሙአዚን፣ የእድር ጸሐፊውን ጠይቁ። ኅዳር 29 የባህል ልብስ አልብሶ ማስጨፈር ላይ ጎበዞች ናችሁ፣ አይካድም። ይህቺ ግን ካሜራ የማይመጣባት ሥራ ናት።

የእኔን ካርታ አንድ ኮፒ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ስዕሌ አያምርም። ሁለት ቦታ ላይ የፈረሱ ሱቆች በምልክትነት ስላሉበት ሰርዛችሁ አንብቡት። «ልደታ (የካቶሊኩ)» የሚለው ላይ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት፣ ፒያሳ