ወደ ኤሌክትሪክ ለሚቀየሩ ነባር መኪኖች ሕጋዊ መንገድ ይከፈትላቸው

ለኢፌዴሪ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ክቡር ሚኒስትር፣

ይህን ግልጽ ደብዳቤ የምጽፍልዎ፣ አባቴ በመምህርነት ደመወዙ ቆጥቦ የገዛትንና ለእኔ ያወረሰኝን የ1960 ዓ.ም. ስሪት ቮልስዋገን 1300 ወደ ኤሌክትሪክ ለመቀየር ተነሥቼ፣ ሥራው ሳይሆን ወረቀቱ ስላቆመኝ ነው። መኪናዋን የሚያውቋት መካኒክ ሥራው እንደሚቻል በዝርዝር አስረድተውኛል። ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባልሁበት ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ ግን ያነጋገሩኝ ሠራተኛ ሊብሬዬን ገልጠው የሞተር ቁጥሩንና የፈረስ ጉልበቱን አሳዩኝና፣ «ይህ ሞተር ከወጣ እዚህ ላይ ምን ብለን እንጻፍ?» አሉኝ። ሰውየው በትሕትና ነው ያስተናገዱኝ፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነበር። መልሱን መስጠት የሚችለው የእርስዎ መሥሪያ ቤት ስለሆነ ጥያቄውን ወደ እርስዎ አምጥቼዋለሁ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን እደግፋለሁ። ቤንዚኑን የምንገዛው በውጭ ምንዛሪ ሲሆን ኤሌክትሪኩን የምናገኘው ከገዛ ወንዞቻችን ነው፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይሁን እንጂ ውሳኔው የሚመለከተው ገና ወደ አገር የሚገባውን መኪና ነው። አስቀድሞ የገባውና ዛሬ በየመንገዱ የሚሽከረከረው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሽከርካሪ፣ ባለቤቱ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና የመግዛት አቅም እስካላገኘ ድረስ ቤንዚንና ናፍጣ ማቃጠሉን ይቀጥላል። የብዙዎቻችን አቅም ደግሞ እዚያ አይደርስም።

ከነባሮቹ መካከል ቮልስን ለይቼ የማነሣው ስለምወዳት ብቻ አይደለም፤ እንደምወዳት ግን አልደብቅም። ቮልስ የመምህሩ፣ የነርሷና የመንግሥት ሠራተኛው መኪና ሆና ሦስት ትውልድ አገልግላለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስዋገን እንደነበር በዕድሜ የገፉ ሰዎች ዛሬም ያስታውሱታል። ነገር ግን ለዚህ ጉዳይ ዋናው ቁም ነገር የመኪናዋ አሠራር ነው። ሞተሯ ከኋላ ሆኖ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ቡሎን ብቻ ነው። እነዚህ ተፈትተው፣ የቤንዚኑ ቧንቧ፣ የነዳጅ መስጫው ገመድና ጥቂት ሽቦዎች ከተላቀቁ ሞተሩ በክሪክ ወደ ታች ይወርዳል። በምትኩ የኤሌክትሪክ ሞተር ቶርኖ ቤት በሚሠራ የብረት ማገናኛ ከነባሩ ካምቢዮ ጋር ይገጠማል። ፍሬኗ ከሞተሩ ምንም እገዛ ስለማይወስድ፣ በሌሎች መኪኖች ላይ እንደሚደርሰው ሞተሩ ሲወጣ ፍሬኑ አይደነድንም። ወደ 110 ኪሎ የሚመዝነው ሞተርና 40 ሊትር የሚይዘው የቤንዚን ማጠራቀሚያ ሲወጡ፣ ከፊትም ከኋላም ለባትሪ የሚሆን ቦታ ይገኛል።

የአዲስ አበባ ከፍታም አብሮ ሊታሰብ ይገባል። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ፣ አየር እየሳበ የሚሠራ የካርቡራተር ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ፋብሪካው 40 የፈረስ ጉልበት ብሎ የሰጠን ሞተር እዚህ ሲደርስ ወደ 30 ይወርዳል፤ ስለዚህ ወደ ሽሮ ሜዳና እንጦጦ ስንወጣ በሁለተኛ ማርሽ እያጓራን፣ ከኋላችን ላለው ሰው ጭስ እየተውን ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው ጉልበቱን አይቀንሰውም። ቁልቁለቱን ሲወርድ ደግሞ ራሱ ኃይል እያመነጨ ከባትሪው የወጣውን በከፊል ይመልሳል፤ ፍሬን ሸራውም ከመቃጠል ይድናል።

ባትሪውም ከአቅም በላይ አይደለም። በዓለም ላይ በብዛት ከተሸጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች አንዱ የሆነው የመጀመሪያው ኒሳን ሊፍ 24 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ፣ ከ48 ክፍሎች የተሠራ ባትሪ ነበረው፤ እያንዳንዱ ክፍል 3.8 ኪሎ ይመዝናል። ከዚህ ግማሹ ብቻ፣ ማለትም ወደ 91 ኪሎ የሚመዝኑ 24 ክፍሎች፣ አዲስ እስከሆኑ ድረስ ቮልስን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊያስኬዱ ይችላሉ፤ ያረጁ ቢሆኑ እንኳ ከአያት ሜክሲኮ ደርሶ ለመመለስ ይበቃሉ። በከተማችን የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ሲሄዱ፣ በግጭት አካላቸው ተጎድቶ ባትሪያቸው ግን ደኅና የሆነ መኪኖች መገኘታቸው አይቀርም። ያ ባትሪ ተመርምሮ ሁለተኛ ሥራ ቢያገኝ በየግቢው ተጥሎ አደጋ ከሚሆን ይሻላል።

ይህ ሐሳብ በሌላው ዓለም ተሞክሮ ሕግ የወጣለት ነው። ጣሊያን በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ድንጋጌ ነባር መኪኖችን ወደ ኤሌክትሪክ መቀየርን ፈቅዳለች። ፈረንሳይ በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ደንብ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በላይ የሆኑ መኪኖችን ይመለከታል፤ የሚገጠመው ዕቃ አስቀድሞ እንዲመረመር፣ ገጣሚውም ፈቃድ እንዲኖረው ያዛል። ቮልስዋገን ራሱ በ2019 እ.ኤ.አ. ከአንድ የጀርመን ኩባንያ ጋር ሆኖ 36.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪና 82 የፈረስ ጉልበት ያለው የኤሌክትሪክ ቮልስ ፍራንክፈርት ላይ አሳይቷል፤ ያቺ መኪና 1,280 ኪሎ ስለምትመዝን ፍሬኗና ተሸካሚ አካሏ እንዲጠነክር ተደርጓል። የእኛ መኪና የዚያን ያህል ባትሪ አያስፈልጋትም፤ የፍሬኑና የክብደቱ ጥንቃቄ ግን ለእኛም ይሠራል።

ክቡር ሚኒስትር፣ እጅግ የሚያሳስበኝ ፈቃድ መዘግየቱ ብቻ አይደለም። ሕጋዊ መንገድ ከሌለ ሥራው በየግቢው በስውር መሠራቱ አይቀርም። በተሟላ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው 350 ቮልት አካባቢ የሚሆን ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ሰው ይገድላል። በዘፈቀደ የታሰረ የሊቲየም ባትሪ አንዴ እሳት ከያዘ ለማጥፋት አዳጋች ነው፤ የቮልስ ባትሪ ደግሞ ልጆች ከሚቀመጡበት የኋላ ወንበር ሥር ሊገጠም ይችላል። ስለዚህ የምጠይቀው ቁጥጥሩ እንዲላላ አይደለም፤ ቁጥጥር እንዲኖር ነው።

ሚኒስቴሩ በ2002 ዓ.ም. በወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ላይ ተመሥርቶ፣ የሞተር ቅየራን የሚመለከት ግልጽ መመሪያ ቢያወጣ አብዛኛው ችግር ይፈታል። መመሪያው ተሽከርካሪውን በሻንሲ ቁጥሩ ለይቶ፣ በሊብሬው ላይ የነዳጅ ዓይነቱን «ኤሌክትሪክ» ብሎ እንዲቀይርና የአዲሱን ሞተር ቁጥርና የኪሎ ዋት መጠን እንዲመዘግብ እለምናለሁ። ለደኅንነቱ የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 100 መነሻ ሊሆን ይችላል። በዚያ ደንብ የከፍተኛ ቮልት ሽቦዎች ብርቱካንማ ሽፋን ይኖራቸዋል፤ ከመኪናው አካል ጋር እንዳይነካኩም መከላከያቸው ይለካል። የቦሎ ምርመራ ጣቢያዎች ከጭስ ልኬት ይልቅ ይህን ልኬት፣ የፍሬኑን ብቃትና በየጎማው ላይ ያረፈውን ክብደት ቢመረምሩ በቂ ይመስለኛል። ለተሟሉ የኤሌክትሪክ መኪኖች የተፈቀደው የታክስ ማበረታቻም ለመቀየሪያ ሞተር፣ ለመቆጣጠሪያና ለባትሪ እንዲደርስ ከገንዘብ ሚኒስቴር ጋር ቢመከርበት መልካም ነው።

የባለሙያው ጉዳይ ሳይነሣ እንዳይቀር እፈልጋለሁ። ቮልስን ዓይናቸውን ጨፍነው የሚፈቱና የሚገጥሙ መካኒኮች በዕድሜ እየገፉ ነው፤ እውቀታቸውም በቤንዚን ሞተር ላይ ብቻ ከቀረ አብሯቸው ሊያልፍ ነው። የተግባረ ዕድ ተማሪዎች ስለ ኤሌክትሪኩ ከእነሱ የተሻለ ያውቃሉ፤ ስለ አሮጌ ካምቢዮና ፍሪሲዮን ግን ከእነሱ መማር አለባቸው። ሁለቱን በአንድ መኪና ዙሪያ ማገናኘት ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ለሙከራ መኪና ካስፈለገ የእኔን አቀርባለሁ። ሻንሲዋ ከዝገት ነፃ ነው፤ ካምቢዮዋ ታድሷል፤ የመቀየሪያውንም ዋጋ ራሴ እሸፍናለሁ። ሚኒስቴሩ መርማሪ መድቦ ከመጀመሪያው ቡሎን መፍታት እስከ መጨረሻው የመንገድ ፍተሻ እንዲከታተልና ያየውን ለመመሪያው እንዲጠቀምበት ፈቃደኛ ነኝ። የሚጠየቀውን ሰነድ ሁሉ ይዤ በምጠራበት ቀን እቀርባለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የአንዲት ቮልስዋገን ባለቤት
አዲስ አበባ