የገና ሸክላዎቹን አትጣሏቸው

ውድ አዘጋጅ፦

ባለፈው ሳምንት ስለ አሮጌ የገና ዘፈን ሸክላዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ወጣቶች እየፈለጉ መግዛታቸው ፋሽን ነው፣ በሁለት ዓመት ይረሳል ይላል። ሰው ያልኖረበት ዘመን እንዴት ይናፍቀዋል ብሎም ይጠይቃል። ይናፍቀዋል። እኔ ምስክር ነኝ። ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። በልጅነቴ የማውቀው በረዶ ክረምት ላይ ቆርቆሮውን እየደበደበ የሚወርደውን፣ በእፍኝ አፍሰን የምንበላውን ነው። ግን ዛሬ የ1940ዎቹን የአሜሪካ የገና ዘፈን ከሸክላ ላይ ስሰማ ሆዴ ይባባል።

አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው መንከባከብ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ አንዲት ባልቴት ዘንድ አራት ዓመት ቆየሁ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። በልቤ እማማ ነበር የምላቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፣ ልጆቻቸው ሌላ ስቴት ይኖራሉ። ኖቬምበር ሊያልቅ ሲል "ያን ሳጥን አምጪልኝ" ይሉኛል። ከቤዝመንት ተሸክሜ አወጣለሁ። ሠላሳ የሚሆኑ ሸክላዎች ናቸው፣ ሁሉም የገና።

መጀመሪያ የገረመኝ አንዱ ሽፋን ላይ የጎማ ኩባንያ ስም ማየቴ ነው። ጉድይር። ጎማና ገና ምን አገናኛቸው? ነገሩ እንዲህ ነው። ጉድይር ከ1961 ጀምሮ በየዓመቱ የታወቁ ዘፋኞችን የገና ዘፈኖች በአንድ ሸክላ እያሰባሰበ በጎማ መሸጫዎቹ በ1 ዶላር ይሸጥ ነበር። በዓመቱ ሌላው የጎማ ኩባንያ ፋየርስቶንም ተከተለው። ጎማ ሊያስቀይር የመጣ አባወራ አንድ ዶላር ጨምሮ ለቤቱ ሙዚቃ ይዞ ይገባል። የእማማ ባልም በ1964 ይዘው የገቡት እንደዚያ ነው። ከሽፋኑ ጀርባ በእርሳስ ዓመቱንና የልጆቹን ስም ጽፈዋል። የትንሿ ልጅ ስም ግን በሌላ እጅ ነው የተጻፈው። ራሷ ናት የጻፈችው፣ አንዷ ፊደል ዞራለች።

እማማ አብልጠው የሚወዱት ግን የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የቢንግ ክሮዝቢን ነበር። ያ ሸክላ ላይ ጭረት አለ። አንዱ ዘፈን መሃል ላይ ሲደርስ መርፌው ጠቅ ይልና ይዘላል፣ ሁለት ቃል ይውጣል። እማማ እዚያ ቦታ ላይ የያዙትን ሁሉ ያቆማሉ። ሹራብ እየሠሩ ከሆነ እጃቸው ይቆማል። የተዋጡትን ሁለት ቃላት በዚያች ቀጭን ድምፃቸው ይዘፍኗቸዋል። ዘፋኙ አይጠብቃቸውም፣ ወደፊት ይሄዳል፤ እሳቸው ግን ቃሎቹን ሳይሉ አያልፉም። ጭረቱን ያወጣው ትልቁ ልጃቸው ነው፣ በአምስት ዓመቱ የአሻንጉሊት መኪና ነድቶበት። አንድ ቀን ደስ ይበላቸው ብዬ ያንኑ ዘፈን ስልኬ ላይ ከፈትኩላቸው፣ ጥርት ያለውን። ዝም ብለው እስከ መጨረሻው ሰሙና "ይሄ የኛ አይደለም" አሉኝ።

እኔ ደግሞ ጾመኛ ነኝ። የፈረንጆቹ ገና ዲሴምበር 25 ሲውል የኛ የነቢያት ጾም ገና አላለቀም። እሳቸው ኩኪስ በቅቤ ጋግረው ያቀርቡልኛል፣ እኔ አልበላም። በመጀመሪያው ዓመት ቅር አላቸው። ነገሩን ሲረዱ ግን ያደረጉትን እስክሞት አልረሳውም። ጎረቤቱ ሁሉ ዛፉን አውጥቶ ሲጥል፣ አዲስ ዓመት ሲያልፍ፣ እኔም ሳጥኑን ልመልስ ስል "ያንቺ ገና እስኪያልፍ ሸክላዎቹ ከዚህ አይነሱም" አሉ። አራቱንም ዓመት እስከ ጃንዋሪ 7 ሳሎን ውስጥ ቆዩ። ኩኪሱንም ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጠው በኔ ገና ቀን አወጡልኝ።

ከዚያ በኋላ ስለ ዘፈኖቹ ማንበብ ጀመርኩ። አንብቤ የተረዳሁት ነገር ለጽሑፋችሁ መልስ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። እነዚህ ዘፈኖች ከጊዜ ብዛት አይደለም የናፍቆት ዘፈን የሆኑት። ሲወለዱም የናፍቆት ነበሩ። በበረዶ ስለነጣ ገና የሚያወራውን፣ ሁላችሁም የምታውቁትን "ዋይት ክሪስማስ" የተባለውን ዘፈን የደረሰው ኢርቪንግ በርሊን ነው። አይሁዳዊ ነው፣ በአምስት ዓመቱ ከሩሲያ ግዛት ተሰዶ ኒው ዮርክ የገባ። በ1928 የተወለደ ጨቅላ ልጁ አንድ ወር ሳይሞላው ልክ በገና ዕለት ነው የሞተበት። ክሮዝቢ ዘፈኑን ሸክላ ላይ ያስቀረጸው በሜይ 1942 ነው፣ በሎስ አንጀለስ፣ በረዶ በሌለበት አገርና ወቅት። ያኔ አሜሪካ ጦርነት ውስጥ ነበረች። ከቤታቸው ርቀው የነበሩ ወታደሮች አምጡልን፣ አሰሙን እያሉ ጠየቁ። በ1947 ዘፈኑን እንደገና ማስቀረጽ ግድ ሆነ፤ ሸክላው ደጋግሞ ከመታተሙ የተነሳ ዋናው ማተሚያ አልቆ ነበር። በ1943 ደግሞ አንድ ወታደር ለገና ቤቴ እመጣለሁ ብሎ እንደሚጽፍ ደብዳቤ የተደረሰ ዘፈን ወጣ። መጨረሻው ላይ መምጣቱ በሕልም ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ናት ኪንግ ኮል ያወጣው ያ በእሳት ስለሚጠበስ ቼስትነት ስለሚባል ፍሬ የሚያወራው ዘፈንም የተጻፈው በጁላይ 1945 ነው፣ ደራሲዎቹ በሙቀት ተቃጥለው ብርድን እያሰቡ።

እንግዲህ የዘፈኖቹ ባለቤቶች ራሳቸው የሌላቸውን ነው የናፈቁት። እኔ አገሬን፣ እናቴን፣ የገናን ጠዋት የሽንኩርት ቁሌት ሽታ ለሚናፍቅ ሆዴ ይህ ባዕድ አይደለም። ትዝታን ሸክላ ላይ ሲዘፈን እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን።

እርግጥ ከኖቬምበር ጀምሮ ሱፐርማርኬቱም ሬድዮውም እነዚሁኑ ዘፈኖች እየደጋገመ ሰው ያሰለቻል። እሱን አልክድም። ሸክላው ግን ሌላ ነው። ማንም ሳይነካው አይዘፍንም። አንዱ ገጽ በሃያ ደቂቃ ገደማ ያልቃል፣ አንድ ሰው ተነስቶ መገልበጥ አለበት። እማማ ቤት ልጆቻቸው ሲመጡ "ተራው የማን ነው?" እየተባባሉ ነበር የሚያመሹት። ስልክ ሲዘፍን ማን ይነሳል?

እማማ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ልጆቹ ቤቱን ሲያጸዱ ጠሩኝና የምትፈልጊውን ውሰጂ አሉኝ። ሳጥኑን ወሰድኩ። ትልቁ ልጅ፣ ያ መኪና የነዳው፣ አሁን ሽማግሌ ነው፤ የክሮዝቢውን ሸክላ አውጥቶ ጭረቱን በአውራ ጣቱ ሲዳብስ አየሁት። ይህን አንተው ያዘው ብዬ ሰጠሁት። ሌሎቹ እኔ ጋ ናቸው።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ባለፈው ወር ያየሁት ነው። አንድ ያገለገሉ ዕቃዎች መሸጫ ደጃፍ ላይ ሁለት ካርቶን ሙሉ የገና ሸክላ ዝናብ ላይ ተቀምጧል። ሽፋኖቹ አብጠው ተጣብቀዋል። አንዱን ገልብጬ አየሁ። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ "ለእናታችን" ተብሎ የአምስት ልጆች ስም ተጽፏል።

አንባቢዎቻችሁ መሃል እንደኔ በየቤቱ አረጋውያን የምትንከባከቡ ብዙ ናችሁ። የምታውቋቸው አዛውንት ቤታቸው ሊለቀቅ ከሆነ ሳጥኑን ማንም ከማውጣቱ በፊት አብራችሁ አንድ ሁለቱን አጫውቱ። ጭረቱን ማን እንዳወጣው ጠይቋቸው፣ ይነግሯችኋል። የየአገራችንም ሸክላ እንዲሁ ነው፤ ከአገር በሻንጣ ተሸክመው ያመጡ አባቶች አሉ። አቁማችሁ አስቀምጧቸው፣ ተኝተው ከተደራረቡ ይጣመማሉ። ከማሞቂያ አርቋቸው።

ዘንድሮም ሳጥኑ ሳሎን ነው። ልጆቼ ዛፉ ይነሳ ሲሉኝ ይነሳ ብያለሁ። ሸክላዎቹ ግን እስከ ታኅሣሥ 29 ይቆያሉ።

አንባቢያችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ