ብዙ እየከፈሉ ትንሽ ለሚያገኙ ትምህርት ቤቶች፦ ከፊላደልፊያና ከአካባቢዋ ወላጆች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ውድ ወገኖቻችን፣ በዌስት ፊላደልፊያ፣ በአፐር ዳርቢ፣ በላንስዳውንና በዬደን የምትኖሩ እናቶች፣ አባቶችና ወጣቶች፤ ዛሬ እጃችሁን እንድትዘረጉ የምንጠይቃችሁ ልጆቻችን ለሚማሩበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው።

«የመንግሥት ከሆነ መንግሥት አይከፍልም እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ይከፍላል። ጣጣው ያለው አከፋፈሉ ላይ ነው። እሱን ሳናስረዳ ገንዘብ መጠየቅ ነውር ስለሆነ፣ ትንሽ ታገሱንና አንብቡት።

በፔንሲልቬንያ ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከሚወጣው ገንዘብ ውስጥ የግዛቱ መንግሥት የሚሸፍነው ከ40 በመቶ በታች ነው። ትልቁን ክፍል የሚሸከመው የአካባቢው ነዋሪ ነው። አብዛኛው ደግሞ ከቤት ግብር፣ ፕሮፐርቲ ታክስ ከምንለው፣ ይሰበሰባል። የግብሩ ልክ የሚነገረው «ሚል» በሚባል መለኪያ ነው። አንድ ሚል ማለት ለግብር ከተገመተው የቤት ዋጋ በየ1,000 ዶላሩ 1 ዶላር ማለት ነው።

እስቲ የተማሪ ቁጥራቸው እኩል የሆነ ሁለት ዲስትሪክቶችን፣ ማለትም የትምህርት ቤት አስተዳደር ወረዳዎችን፣ አስቡ። በአንደኛው ያሉት ቤቶችና ሱቆች ሁሉ ተደምረው 5 ቢሊዮን ዶላር ተገምተዋል። በሌላኛው 1 ቢሊዮን። ሀብታሙ አንድ ሚል ሲጥል 5 ሚሊዮን ዶላር ያገኛል። ድሃው ያንኑ 5 ሚሊዮን ለማግኘት አምስት ሚል መጣል አለበት። ከቤቱ ዋጋ አንጻር ሲታይ፣ ርካሽ ቤት ያለው ሰው አምስት እጥፍ ይከፍላል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ከፍሎ ለልጁ እኩል ቢያገኝ እንኳ ደግ ነበር። አያገኝም። ነዋሪው ከዚህ በላይ መክፈል ስለማይችል መሃል ላይ ይቆማል። ግብሩ ከፍ እንዳለ ይቀራል፤ ትምህርት ቤቱም እንደ ጎደለው ይቀራል።

በእድራችን ውስጥ እንዲህ ያለ ደንብ ቢኖር አንድ ቀን አናሳድረውም ነበር። ድሃው አባል በየወሩ የበለጠ እያዋጣ፣ ሐዘን ሲደርስበት የተቀደደ ድንኳንና የጎደለ ወንበር ቢላክለት ማን ዝም ይላል?

ለምሳሌ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ላንስዳውንን፣ ዬደንንና ዳርቢን የያዘው የዊልያም ፔን ዲስትሪክት የቤት ግብር ልክ በግዛቱ ካሉት ከፍተኛዎቹ አንዱ ነው። ሎወር ሜሪዮንን ከፊላደልፊያ የሚለያት ደግሞ ሲቲ አቬኑ የሚባለው መንገድ ብቻ ነው። እዚያ ቤቶቹ ውድ ስለሆኑ ነዋሪው ከቤቱ ዋጋ አንጻር የሚከፍለው ከዊልያም ፔኑ ያነሰ ነው። ለአንድ ተማሪ የሚወጣው ገንዘብ ግን እጅግ ይበልጣል። የሚያራርቃቸው ጥቂት ማይል ነው።

«እኔ ተከራይ ነኝ፣ የቤት ግብር አይመለከተኝም» የሚል ወገን ብዙ ነው። ይመለከታችኋል። ባለቤቱ ግብሩን ከኪሱ አይሸፍነውም፤ ኪራይ ውስጥ ያስገባዋል። በየወሩ ሬንት ስትከፍሉ የቤት ግብርም እየከፈላችሁ ነው። ስለዚህ በስብሰባ ላይ ስለ ትምህርት ቤት በጀት ለመጠየቅ የቤት ባለቤት መሆን አያስፈልግም። ከፋይ ናችሁ።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። በቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ፣ ዴሜትሪዮ ሮድሪጌዝ የሚባል ቆርቆሮ ሠራተኛ አባት ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆኖ በ1968 ከሶ ነበር። ሰፈራቸው ከፍተኛ ግብር እየከፈለ ትምህርት ቤቱ ግን እየፈራረሰ ነው ብለው። በ1973 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ፈረደባቸው። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት የትምህርትን መብት አያረጋግጥም ተባለ። ከዚያ ወዲህ ወላጆች ፍትሕ የሚፈልጉት በየግዛታቸው ሕገ መንግሥት ነው። የእኛ ግዛት ሕገ መንግሥት ደግሞ የሕግ አውጪው ምክር ቤት የተሟላና ውጤታማ የሕዝብ ትምህርት ሥርዓት እንዲያቆም ያዛል።

ያንን ቃል ይዘው በ2014 ስድስት ዲስትሪክቶች፣ ወላጆችና ሁለት ማኅበራት ግዛቱን ከሰሱ። ከስድስቱ አንዱ ጎረቤታችን ዊልያም ፔን ነው፤ ክሱም በስሙ ይጠራል። ችሎቱ የተጀመረው ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2021 መጨረሻ ነው። ምስክሮቹ ያወሩትን ስሰማ ሆዴ ተላወሰ። የፓንተር ቫሊ ዲስትሪክት ኃላፊ 75 የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች አንድ መጸዳጃ እንደሚጋሩ መሰከሩ። አሜሪካ ውስጥ ነው ይህ።

ከዚያ ችሎት የማይረሳኝ ሌላም ነገር አለ። የግዛቱ ሴኔት መሪ ጠበቃ ምስክሩን በማክዶናልድ የሥራ መስመር ላይ ላለ ሰው አልጄብራ ምን ያደርግለታል ብሎ ጠየቀ። ግዛቱ የፒዛ ሊጥ የሚያገላብጡ ሰዎችም ያስፈልጉታል አለ። ወገኖቼ፣ ከመካከላችን ስንቱ ነው ፓርኪንግ ላይ ቆሞ፣ ሌሊት ኡበር እየነዳ፣ በነርሲንግ ሆም ደብል ሺፍት እየሠራ ልጁን የሚያስተምረው? ሥራችን ክቡር ነው፣ አናፍርበትም። ግን የልጄን አልጄብራ በሰፈሯ የቤት ዋጋ ለክቶ የሚቀንስባት ሰው እንዲኖር አልፈቅድም። እናንተም አትፈቅዱም።

ጥር መጨረሻ ላይ፣ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2023፣ ዳኛ ረኔ ኮን ጁበሊረር 786 ገጽ ውሳኔ ሰጡ። የፔንሲልቬንያ የትምህርት ቤት ገንዘብ አከፋፈል ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አሉ። የግዛቱ የትምህርት ገንዘብ ኮሚሽን በ2024 መጀመሪያ ባወጣው ሪፖርት ጉድለቱን ሲያሰላ 5.4 ቢሊዮን ዶላር አገኘ። በዚያው ዓመት በጀት ወደ ግማሽ ቢሊዮን የሚጠጋ ተመደበ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ከግማሽ ቢሊዮን የሚበልጥ ተጨመረ። ከፍተኛ ግብር ለሚከፍሉ ዲስትሪክቶች ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት 32 ሚሊዮን ዶላር ለብቻው ተለየ።

ይህ ትልቅ ድል ነው። አላለቀም ግን። ገንዘቡ የሚመጣው በየዓመቱ በትንሽ በትንሹ ነው፤ በየዓመቱም ምክር ቤቱ ድምፅ መስጠት አለበት። ሂሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። በዓመት ግማሽ ቢሊዮን እየተከፈለ 5.4 ቢሊዮን እስኪሞላ ዛሬ አንደኛ ክፍል የገባው ልጅ ሃይስኩል ሊጨርስ ምንም አይቀረው። በ2025 በጀቱ ራሱ ከአራት ወር በላይ ዘግይቶ ኖቬምበር ላይ ነው የጸደቀው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የግዛቱ ገንዘብ ስላልመጣ ተበድረው የሠሩ ዲስትሪክቶች ነበሩ። ወለዱን የሚከፍለው ማን ይመስላችኋል?

አዲስ ለመጡ ልጆቻችን የሚሆን ነገርም አለ። በ2016 የወጣው የገንዘብ ማከፋፈያ ቀመር እንግሊዝኛ እየተማረ ያለን ልጅ ከመደበኛው ቆጠራ ላይ 0.6 ጨምሮ ይቆጥረዋል፤ ብዙ እገዛ ስለሚያስፈልገው። ጥሩ ቀመር ነው። ግን እንዲሠራ የተደረገው ከዚያ ወዲህ በተጨመረው ገንዘብ ላይ ብቻ ነው። የቀደመው ትልቁ ገንዘብ ተማሪው የትም ቢሄድ በድሮው ድርሻ መከፋፈሉን ቀጠለ። እኛ ወደ እነዚህ ሰፈሮች የመጣነው ገንዘቡ በድሮ ልክ ከተቆለፈ በኋላ ነው።

እንግዲህ ጥሪያችን ይህ ነው። በጀት የሚወሰነው የተገኘ ሰው እየታየ ነው። እኛ ግን አንገኝም። ባለመውደድ አይደለም። ስብሰባው ማታ ነው፣ ልጅ የሚይዝ የለም፣ ቋንቋው ከባድ ነው፣ የግዛቱ ዋና ከተማ ሃሪስበርግ ደርሶ መመለስ የአንድ ቀን ሥራ ያስቀራል። የፌዴራል የሲቪል መብት ሕግ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ በሚገባው ቋንቋ እንዲያስረዱ ያስገድዳል። ሆኖም በልጆቻችን ትምህርት ቤት በኩል የበጀት ሰነድ በአማርኛ ደርሶን አያውቅም። ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው የተሰባሰብነው። የጠየቅነው ድምር 14,000 ዶላር ነው።

ከዚህ ውስጥ 5,000ው ሃሪስበርግ ለሚደረጉ ሁለት ጉዞዎች አውቶቡስ ነው። ገዥው በፌብሩዋሪ በጀት ካቀረበ በኋላና ከጁላይ 1 በፊት፣ ክርክሩ በሚሞቅበት ጊዜ እንሄዳለን። የወረዳችንን ተወካዮች ቢሯቸው ድረስ ገብተን ዓይን ለዓይን እናናግራቸዋለን። 4,000ው ለአስተርጓሚዎች ነው። 3,000ው የዲስትሪክት በጀት እንዴት እንደሚነበብ በአማርኛ የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ ለማሳተም ነው። የቀረው 2,000 ስብሰባ ላይ ልጆቻችሁን ለሚይዙ ወጣቶችና ለእራት።

ስለ ስብሰባው አንድ ነገር ልጨምር። የምንኖርበት ቦታ ይለያያልና የምንሄድበትም ይለያያል። በፊላደልፊያ የትምህርት ቦርዱን የሚሾመው ከንቲባው ነው፤ ቦርዱ ግብር የመጣል ሥልጣን የለውም፣ እሱ የከተማው ምክር ቤት ነው። በአፐር ዳርቢና በዊልያም ፔን ግን ቦርዱ ሕዝብ የመረጣቸው ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። ግብሩንም የሚወስኑት እነሱ ናቸው። በጀቱ ከመጽደቁ በፊት ቢያንስ ለ20 ቀን ለሕዝብ ክፍት ሆኖ መቀመጥ አለበት። ያ 20 ቀን የእኛ ነው። መጽሐፏ በዋናነት ለዚያ ጊዜ ታስባ የምትዘጋጅ ናት።

ከገንዘቡ ሌላ ጥቅምም ታገኛላችሁ። በእነዚሁ የስብሰባ ምሽቶች ታላላቆቻችንን ቅጽ በመሙላት እናግዛለን። በፔንሲልቬንያ ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ባል ወይም ሚስት ሞተውባቸው እነሱ 50 ዓመት የሞላቸው፣ እንዲሁም 18 ዓመት የሞላቸው አካል ጉዳተኞች ገቢያቸው ከተወሰነ ልክ ካላለፈ ከከፈሉት የቤት ግብር ወይም ኪራይ ላይ እስከ 1,000 ዶላር ይመለስላቸዋል። ተከራይም ያገኛል። ብዙ እማማዎቻችንና አባባዎቻችን ይህን አያውቁም፤ በየዓመቱ እየቀረባቸው ነው። ፊላደልፊያ ውስጥ በራሳችሁ ቤት የምትኖሩ ደግሞ ሆምስቴድ የሚባለውን አመልክታችኋል? ግብር የሚሰላበትን የቤታችሁን ዋጋ በ100,000 ዶላር ይቀንሳል። ገቢ አይጠይቅም። አንዴ ከተመዘገባችሁ በየዓመቱ ማደስ የለም።

አንዳንድ ወገኖች «ለትምህርት ቤት ገንዘብ ይጨመር ስትሉ ግብራችንን ታስጨምሩብናላችሁ» ብለውናል። ስጋቱ ይገባናል። የምንጠይቀው ተቃራኒውን ነው። የግዛቱ ድርሻ ሲያድግ የቤት ግብር ላይ ያለው ጫና መላላት አለበት። ለከፍተኛ ግብር ከፋይ ዲስትሪክቶች ተለይቶ የሚመጣው ገንዘብም የግብሩን ልክ ለመቀነስ ወይም ባለበት ለማቆየት ምን ያህል እንደዋለ ቦርዱ በግልጽ እንዲናገር እንጠይቃለን። ተማሪውም ግብር ከፋዩም ሊጠቀሙ ይገባል፤ ያለዚያ ግማሹን ሥራ ነው የሠራነው።

ብዙዎቻችን አገር ቤት ለተማርንበት ትምህርት ቤት ጣሪያ፣ ለዴስክ፣ ለቤተ መጻሕፍት አዋጥተናል። ልጆቻችን የሚያድጉበት ትምህርት ቤት ግን እዚህ ነው። ለእሱም እንዲሁ እናድርግ።

ከእያንዳንዱ ቤተሰብ 50 ዶላር ብንጠይቅ 280 ቤተሰብ ሲከፍል ይሞላል። 50 የሚከብደው 10 ይስጥ፤ በመዝገቡ ላይ ስሙ እኩል ነው። ምግብ ቤትና ሱቅ ያላችሁ ወገኖች የአንዱን ጉዞ አውቶቡስ ብትችሉት ውለታችሁ ትልቅ ነው። ከዚህ ገንዘብ አንድ ሳንቲም ለየትኛውም ፓርቲ ወይም ለምርጫ ተወዳዳሪ አይሄድም።

መዋጮው የሚሰበሰበው በየእድራችሁ ገንዘብ ያዥ በኩል ነው። ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትስጡ። የተሰበሰበውና የወጣው በየሦስት ወሩ በእድር ስብሰባ ላይ በጽሑፍ ይነበባል፤ ደረሰኞቹን ማየት የሚፈልግ ሰው እዚያው ያያል። ወጪው ከታሰበው ካነሰ የተረፈው ለሚቀጥለው ዓመት ጉዞ ይቀመጣል።

ገንዘብ የሌላችሁ ጊዜ ስጡን። እንግሊዝኛና አማርኛ አጥርተው የሚናገሩ የኮሌጅ ልጆች ለአስተርጓሚነት እንፈልጋለን። የሂሳብ ባለሙያዎች መጽሐፏን ከመታተሟ በፊት ያንብቡልን። መኪና ያላችሁ ስብሰባ ላይ መድረስ የሚቸግራቸውን እናቶች አድርሱልን። ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን ለእድራችሁ ጸሐፊ አስመዝግቡ፤ ከየትኛው ዲስትሪክት እንደሆናችሁ መጻፍ እንዳትረሱ፣ ስብሰባውን የምንመድባችሁ በዚያ ነው።